«ወረቀት ይዘህ ና»፦ ወረርሽኝ ሲመጣ የታመመ ሠራተኛ ጉዳይ

ወረርሽኝ በገባ ጊዜ አንድ ድርጅት በሩን ከፍቶ መቆየት መቻሉ የሚወሰነው በጭምብልና በሳኒታይዘር ብቻ አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስልክ ሲደወል በሚሰጠው መልስም ይወሰናል።

አስተናጋጁ ይደውላል። «ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያተኩሰኝ አደረ። ዛሬ መግባት አልችልም።» ሱፐርቫይዘሩ ከሁለት አንዱን ይመልሳል። ወይ «እሺ ተኛ፣ ማታ ደውልልኝ» ይላል። ወይ «ወረቀት ይዘህ ና» ይላል፤ ወረቀት ሲል የሐኪም ማስረጃ ማለቱ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ በሆቴል፣ በሱቅ፣ በግል ትምህርት ቤት፣ በግንባታ ድርጅት የሚሠሩ ሰዎችን ጠይቁ። አብዛኞቹ የሚያውቁት ሁለተኛውን መልስ ነው። በደህናው ጊዜ ይህ መልስ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ በከተማው ሲዞር ግን የታመመውን ሰው ከአልጋው አስነስቶ ወደ ሥራ ቦታ የሚያመጣው ይኸው መልስ ነው። ስለዚህ የምለው ነገር አንድ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሕመም ቀናት ያለ ወረቀትና ያለ ደመወዝ ቆረጣ መፍቀድ ያስፈልጋል። ይህ ለሠራተኛው የሚደረግ ውለታ አይደለም። ለአሠሪው ራሱ የሚያዋጣው መንገድ ነው።

በመጋቢት 2012 የሆነውን የረሳ የከተማዋ ሰው ያለ አይመስለኝም። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአዲስ አበባ ተገኘ። መጋቢት 22 የአማራ ክልል መንግሥት ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ አዲስ ቅዳምንና ጥሊሊን ለ14 ቀናት ዘጋ። የጣና ዳር ሆቴሎች ባዶ ቀሩ፣ ጀልባዎች ታሰሩ፣ ወደ ዘጌ የሚሄድ ጎብኚ ጠፋ። መጋቢት 30 ደግሞ ለአምስት ወር የሚቆይ አገር አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በማስፈጸሚያ ደንቡ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳይቀንሱ ተከለከለ። ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርም ከአሠሪዎችና ከሠራተኞች ወኪሎች ጋር ሆኖ ለሥራ ቦታዎች የሚሆን ፕሮቶኮል አወጣ።

እነዚህ እርምጃዎች የተነጋገሩት በዋናነት ስለ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ድርጅቱ ሥራ ሲያቆም ሠራተኛው ምን ይሁን? ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ከተማው ከተከፈተ በኋላ የመጣው ጥያቄ ሌላ ነው። ድርጅቱ እየሠራ ነው፣ አንዱ ሠራተኛ ጉሮሮውን ይከረክረዋል። ምን ይደረግ? ለዚህኛው እያንዳንዱ ሥራ አስኪያጅ በራሱ ልማድ መለሰ። ያ ልማድ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሕመም ፈቃድ ግልጽ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ውጪ በሆነ ሕመም መሥራት ሲያቅተው ፈቃድ ይገባዋል። ፈቃዱ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈልበታል። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ዓመት ዕረፍት ላይ እያለ የታመመ ሠራተኛ እንኳ በዚሁ ሕግ ይስተናገዳል። ስለዚህ «ከዓመት ፈቃድህ ላይ ተቀንሷል» የሚለው የተለመደ አባባል ከሕጉ መንፈስ የራቀ ነው።

በሠራተኛው በኩል ሁለት ግዴታዎች አሉ። በቀረ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። አሠሪው ሕመሙን ካወቀ ወይም ማሳወቅ ካልተቻለ ይህ ይቀራል። ሁለተኛው፣ መንግሥት ካወቀው የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማቅረብ ነው። ፈቃዱ የሚጸናው በዚህ ማስረጃ ነው። «ወረቀት ይዘህ ና» የሚለው ሱፐርቫይዘር እንግዲህ ሕግ አልጣሰም። ሕጉ የሰጠውን መብት ነው የተጠቀመው።

ወረቀት ካልመጣ ቀኑ ያለ በቂ ምክንያት የቀረበት ቀን ተደርጎ ይያዛል። እዚህ ላይ አዋጁ ጠንከር ይላል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀናት ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። ትኩሳት ይዞት ለሁለት ቀን ቤቱ የተኛ፣ ክሊኒክ ያልሄደ ሰው፣ ከአምስቱ ሁለቱን ጨርሷል ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ፓራሲታሞል ውጦ ሥራ ይገባል። እኔም ብሆን እገባለሁ።

አዋጁ አንድ ሌላ ነገር ይላል፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም በአካባቢው የሚገኙ ወረርሽኞችና ነዋሪ በሽታዎች ከትርጉሙ ውጪ ይሆናሉ። በሽታውን መከላከል ራሱ ሥራቸው የሆኑ ሠራተኞች ብቻ ናቸው የተለዩት። ኮቪድን ከእንግዳ የተቀበለ አስተናጋጅ በሕጉ ዓይን እንደ ማንኛውም ታማሚ ነው። በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበት ሰው የሚሰጠው ካሳና እንክብካቤ ለእሱ አይደርሰውም። ያለው የሕመም ፈቃዱ ብቻ ነው። ስለዚህ የሕመም ፈቃዱ እንዴት እንደሚሰጥ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ሦስቱ ቀናት ለምን?

ኮቪድ ያስተማረን ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ቫይረሱ ምልክት ከመታየቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ መተላለፍ ይጀምራል። በብዛት የሚተላለፈው ደግሞ ምልክቱ በታየበት ሰሞን ነው። ሰውየው አልጋ ሳይዝ፣ «ጉንፋን ነው፣ ብርድ መቶኝ ነው» በሚልበት ጊዜ ማለት ነው። ሳምንት አልፎት ክፉኛ ሲታመም ለሌላው ያለው አደጋ በአብዛኛው እየቀነሰ ይሄዳል።

ወረቀቱ የሚገኘው መቼ ነው? በመጀመሪያው ጠዋት ሰው ዳማከሴ ጨምቆ ይጠጣል፣ ነጭ ሽንኩርት ይበላል፣ ዝንጅብል ያፈላል። ምች ነው ብሎ ይጠብቃል። ክሊኒክ የሚሄደው ሲብስበት ነው። የሥርዓታችን ችግር እዚህ ጋ ነው። ሰውየው ለሌሎች እጅግ አደገኛ በሆነባቸው ቀናት ወረቀት የለውም፤ ወረቀት ሲያገኝ ደግሞ ያስተላለፈውን አስተላልፏል። በ2012 እና በ2013 ይባስ ብሎ ምርመራው ራሱ ቀናት የሚወስድበት ጊዜ ነበር። ናሙና ሰጥቶ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ታማሚ ነው ወይስ አይደለም? ለሥራ አስኪያጁ ወረቀት እስካልመጣ ድረስ አይደለም።

ወረቀት ፍለጋው ራሱም በሽታ ያዛምታል። ትኩሳት ያለበትን ሰው በታክሲ ወይም በባጃጅ አሳፍረን፣ ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ከነፍሰ ጡርና ከሕፃናት ጋር አስቀምጠን፣ ካርድ አስወጥተን፣ «ሦስት ቀን ዕረፍት» የሚል ማኅተም ለማስመታት ግማሽ ቀን እናንገላታዋለን። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ያለ ወረርሽኝም የሚበቃቸው ሰው አለባቸው። ሐኪም ጊዜውን ለወረቀት ሲያውል ያሳዝነኛል።

አንድ የጣና ዳር ሆቴል ወጥ ቤት ቅዳሜ ቀትር ላይ ምን እንደሚመስል ተመልከቱ። ቦታው ጠባብ ነው። ጥግ ላይ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ የቀረሶ ፊሌቶ ታወጣለች፣ እጇ ሥራ ስለያዘ ስታስል ፊቷን ወደ ትከሻዋ ነው የምታዞረው። ከጎኗ ወጥ ሠሪዋ አለች፣ ክንዳቸው ይነካካል። እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፍኖታል። አስተናጋጁ ጉላሽና ጥብስ ለማንሳት ደቂቃ ለደቂቃ ይገባል፣ ይወጣል። ውጪ ሙዚቃው ከፍ ስላለ ትእዛዝ ለመቀበል ወደ እንግዳው ጆሮ ጎንበስ ይላል። እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ሜትር ርቀት ጠብቁ ማለት ትርጉም የለውም። የሚሠራው መከላከያ አንድ ነው፤ የታመመው ሰው በዚያ ቀን እዚያ አለመገኘቱ።

ለምን ይመጣል ታዲያ? ገቢውን ቆጥረን እንየው። የአስተናጋጅ ገቢ ሦስት ቁራጭ ነው። ደመወዝ፣ ሰርቪስ ቻርጅ ካለ ሰርቪስ ቻርጅ፣ እና ቲፕ። በብዙ ቤት ደመወዙ ከሦስቱ ትልቁ አይደለም። ሕጉ በሕመም ጊዜ ሙሉ ደመወዝ ሲል የሚናገረው ስለ ደመወዙ ነው። ቅዳሜና እሑድ ቤቱ የተኛ አስተናጋጅ ደመወዙ ሳይነካ እንኳ የሳምንቱን ዋና ገቢ አጥቷል። የቤት ኪራይ ደግሞ አይታመምም፣ አይተኛም። ስለዚህ ወረቀቱን ማንሳት ብቻውን በሆቴል ሥራ አይበቃም። ቲፕ በጋራ ሣጥን የሚከፋፈልባቸው ቤቶች የታመመውንም ድርሻ ቢያስቀሩለት ግን ነገሩ ይለወጣል። አሠሪውን አንድ ብር አያስወጣውም። ሠራተኞቹ ዛሬ ለእሱ፣ ነገ ለእኔ ብለው ቢስማሙ ይበቃል።

አሠሪው የሚለውም አለ

የአሠሪዎችን ቅሬታ ሰምቼ አላጣጥለውም። «ያለ ወረቀት ፍቀድ ካልከኝ ሰኞ ሰኞ ማን ይገባል? የበዓል ማግስት ማን ያገለግላል?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ሠርግ አድሮ «አሞኛል» የሚል አለ። ወረቀት ደግሞ ይህንን አላስቆመም። ከሚያውቀው ክሊኒክ ወረቀት የሚያመጣ ሰው ሁሌም ነበር። ወረቀቱ የሚያጠምደው በትክክል የታመመውን፣ ግን ዘመድ ክሊኒክ የሌለውን ሰው ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ይበልጥ ከባድ ነው፣ ሙሉ በሙሉም ትክክል ነው። በአገራችን የሕመም ቀን ደመወዝ የሚከፈለው ከአሠሪው ኪስ ብቻ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኛው 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። ያ ገንዘብ ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳት፣ ለተተኪ ነው። ለሁለት ሳምንት ጉንፋን አይውልም። ለመደበኛ ሠራተኛ ታስቦ በ2002 የታወጀው የማኅበራዊ ጤና መድኅንም ለረጅም ዓመታት ሳይተገበር ቆይቷል። አምስት ሠራተኛ ያለው ካፌ እንግዲህ የወረርሽኝን ወጪ ብቻውን ይሸከማል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ጎብኚ ለጠፋበት፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦበት ለቆየ ከተማ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። «ከቤት ሥራ» የሚባለው ምክርም እዚህ ብዙ ርቀት አይወስድም።

ሂሳቡን ግን እስከ መጨረሻው እንሥራው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ 4,500 ብር ነው እንበል። በቀን 150 ብር ነው። ሦስት ቀን ያለ ወረቀት ፈቀድንለት፣ 450 ብር። ባንፈቅድለትና ሥራ ገብቶ አራት ሰው ቢያስይዝ፣ አራቱም ለሰባት ቀን ቢተኙ፣ ወረቀት ስለሚያመጡ ሙሉ ደመወዝ ይከፈላቸዋል። 4,200 ብር። በዚህ ላይ የተተኪ ክፍያ፣ የተበላሸ ሰርግ፣ የተመለሰ እንግዳ አለ። ቁጥሩን እንደ ቤታችሁ ቀይሩት። ዘጠኙ አጭበርባሪ ቢሆኑ እንኳ አሥረኛው እውነተኛ ታማሚ ወጪያቸውን ይሸፍናል ማለት ይቻላል።

ወባ ያስለመደን

ባሕር ዳር ላይ አሠሪዎች ስለ ሕመም ያላቸው አስተሳሰብ የተቀረጸው በወባ ይመስለኛል። በጣና ዙሪያ፣ በፎገራ ሜዳ፣ በከተማው ዳርም ቢሆን ወባ የቤት በሽታ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ እንደገና ይነሣል። በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና ከ1,100 በላይ ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

የወባ ሕመም ለአሠሪ ግልጽ ነው። የፈጣን ምርመራው ውጤት በ20 ደቂቃ ገደማ ይታወቃል፣ ወረቀት ወዲያው ይገኛል። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም የሚወሰደው ለሦስት ቀን ነው፣ ከዚያ ሰውየው ይነሣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወባ የያዘው ሰው ሥራ ቢገባ ራሱን ነው የሚጎዳው። በማሳል ለጎረቤቱ አያስተላልፍም። ሥራ አስኪያጁ «ትንሽ ታገሥ፣ ሽፍትህን ጨርስ» ሲለው ጨካኝ ነው፣ ግን ሌላውን ሠራተኛ ለበሽታ አላጋለጠም።

ይኸው ልማድ ወደ ኮቪድ ተሻገረ። ያኔ «ታገሥ» ማለት ሁሉንም ማሳመም ሆነ። ሁለቱ በሽታዎች ሲጀምሩ ደግሞ ይመሳሰላሉ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት። ሠራተኛውም አሠሪውም «ወባ ናት» ብለው ቢገምቱ አይፈረድባቸውም። ለዚህ ነው የፈቃዱ ደንብ ከበሽታው ስም ጋር መያያዝ የሌለበት። ትኩሳትና ሳል ካለ ቤት መቆየት። የምን እንደሆነ በኋላ ይጣራል።

ስሙን ማወቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረው። በ2012 ታማሚ የተገኘበት ቤት በአምቡላንስ ይታወቅ ነበር። ሰፈሩ ይወጣና ያያል። አከራዩ ቤቱን ይነጥቃል፣ ባልደረባው ሻይ አብሮ አይጠጣም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ያኔ ግን መደበቅ ብዙ ሰው የመረጠው ነገር ነበር። አሠሪ የሠራተኛውን ምርመራ ውጤት በስብሰባ ላይ ሲናገር ቀጣዩ ታማሚ አፉን ይዘጋል። ለአሠሪው ማወቅ የሚያስፈልገው መቅረቱና መቼ እንደሚመለስ ነው። ንክኪ ያላቸውን ሰዎች ማስጠንቀቅ ካስፈለገም «ከመካከላችን አንድ ሰው ታሟል፣ ምልክት ያየ ቤቱ ይቆይ» ማለት በቂ ነው።

ሌሎች አገሮች የተጋጩት ከዚሁ ችግር ጋር ነው። እንግሊዝ ውስጥ የሕመም ክፍያ የሚጀምረው ሦስት የመጠበቂያ ቀናት ካለፉ በኋላ ነበር። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ያን ለኮቪድ አነሡትና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይከፈል አሉ። ሐኪም ሳያይ በኢንተርኔት የሚወጣ የመለያ ወረቀትም አዘጋጁ። ጀርመኖች ቀላል የመተንፈሻ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን በስልክ አነጋግሮ ፈቃድ እንዲያገኝ ፈቀዱ። አሜሪካ ከሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከ500 ሠራተኛ በታች ያላቸው አሠሪዎች እስከ 80 ሰዓት የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ እንዲሰጡ አደረገች፣ ወጪያቸውንም ከግብር ተካችላቸው። ይህን ያጠኑ ተመራማሪዎች መብቱ አዲስ በሆነባቸው ግዛቶች በቀን በአንድ ግዛት ወደ 400 የሚጠጉ ኬዞች እንደቀነሱ አግኝተዋል።

እነዚህ ሀብታም አገሮች ናቸው፣ ገንዘቡን ከየት እናምጣ ማለት ይቻላል። ከሦስቱ ግን ሁለቱ ያደረጉት ነገር አንዱ ክፍል ምንም ገንዘብ አልጠየቀም። ወረቀቱን አዘገዩት ወይም በስልክ አደረጉት። ይህን ክልሉም ሆነ አንድ ተራ ካፌ ነገ ጠዋት ማድረግ ይችላል።

እስካሁን ያወራሁት ፔሮል ላይ ስማቸው ስላለ ሰዎች ነው። ጣና ዳር ከዚህ ውጪ ያለው ሰው ብዙ ነው። የቀን ሠራተኛው ከፎርማኑ ጋር ያለው ውል የማለዳ ውል ነው። ካልመጣ ሌላ ሰው ይወሰዳል። በታንኳ ዓሣ አጥምዶ የሚሸጠው፣ በሰው ጀልባ ላይ በፐርሰንት የሚሠራው፣ ባጃጅ ተከራይቶ በቀን የተወሰነ ገቢ የሚያስገባው፣ እነዚህ ሁሉ የሕመም ቀን የላቸውም። የቤት ሠራተኛ ደግሞ ከአዋጁ ውጪ ናት፤ በሰው ቤት የሚሰጥ የግል አገልግሎት በዚህ ሕግ አይሸፈንም። የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ ሠራተኛም የሕመም ፈቃድ የለውም፣ የሙከራው ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል። ለወረርሽኝ ግን ይህ ልዩነት የለም። ሙከራ ላይ ያለችው አዲስ አስተናጋጅ እንደ ነባሩ ታስላለች። ነባሩን አሳርፎ አዲሷን ማሠራት ትርፉ ዜሮ ነው።

የቀን ሠራተኛን በተመለከተ ቀላል መልስ የለኝም። አንድ ነገር ግን ፎርማኖች ሊያደርጉት ይችላሉ። ታሞ የቀረን ሰው ቦታ ለሦስት ቀን መያዝ። ክፍያ ባይኖር እንኳ ሲመለስ ሥራው እንዳለ ካወቀ የመቅረት ድፍረት ያገኛል። ለቤት ሠራተኛም እንዲሁ። «ከታመምሽ ወደ አገርሽ ግቢ» የሚሉ ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ። በወረርሽኝ ጊዜ ይህ ማለት በሽታውን በአውቶቡስ አሳፍሮ ወደ ገጠር መላክ ነው። እጅግ ያሳዝናል።

ንክኪ ያለው፣ ግን ገና ያልታመመ ሰው ጉዳይም አለ። ሚስቱ ታማ እሱ ጤነኛ ነው። ታማሚ ስላልሆነ የሕመም ፈቃድ አያገኝም። አዋጁ ለከባድ ድንገተኛ ሁኔታ በዓመት ሁለት ጊዜ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፣ ግን ያለ ክፍያ ነው። ያለ ክፍያ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ጥቂት ነው። እዚህ ላይ አሠሪው ሥራውን ሊቀይርለት ይችላል። ከእንግዳ ፊት አንስቶ ወደ ግቢ ሥራ፣ ወደ ዕቃ ቆጠራ፣ ወደ ሌሊት ፈረቃ።

ከአሁኑ ምን ይጻፍ?

የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 በጭስ ይታወሳል። ኮቪድ ግን ከሥራ ቦታ ትዝታው ቶሎ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው አበቃ ሲል የእጅ መታጠቢያው ጀሪካን ከበር ተነሣ፣ ከእሱ ጋር ሁሉም ነገር ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በ2017 ኤምፖክስ ሞያሌ ላይ ታየ። ኅዳር 5 ቀን 2018 በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ተረጋገጠ። ሁለቱም ባሕር ዳርን አላስጨነቁም። ቀጣዩ የት እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ የለም።

የኅብረት ስምምነት ያላቸው ትልልቅ ድርጅቶች፣ እንደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ያሉት፣ ይህን በስምምነታቸው ውስጥ ማስገባት ይችላሉ። አዋጁ ዝቅተኛውን ወለል ነው ያስቀመጠው፤ ከዚያ በላይ መስጠትን የሚከለክል የለም። ትንሹ ቤት ደግሞ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃዋል። በዚያ ላይ የታመመ ሰው ለማን በስንት ሰዓት እንደሚደውል ይጻፍ። ወረርሽኝ በታወጀ ጊዜ እስከ ሦስት ቀን ያለ ማስረጃ እንደሚከፈል፣ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ማስረጃ እንደሚያስፈልግ፣ ሦስቱ ቀናት ለስንብት በሚቆጠሩት መቅረቶች ውስጥ እንደማይገቡ ይጻፍ። የቀረውን ሰው ማን እንደሚተካ አስቀድሞ በስም ይታወቅ። ብዙ ሰው ታሞም የሚገባው አሠሪውን ፈርቶ ብቻ አይደለም፣ ባልደረባው ላይ ሥራ እንዳይከመር አስቦ ነው።

ማጭበርበርን ለሚፈራ አሠሪ ገደብ ማበጀት ይቻላል። ያለ ወረቀት የሚፈቀደው በስድስት ወር ሁለት ጊዜ ብቻ ይሁን። ሱፐርቫይዘሩ ማታ ማታ ደውሎ «እንዴት ዋልክ?» ይበል። ይህ ስልክ ቁጥጥርም ነው፣ ደግነትም ነው። ታሞ ማንም ያልጠየቀው ሠራተኛ ሲድን ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

ይህን ለመሞከር ወረርሽኝ መጠበቅ አያስፈልግም። የወባው ወቅት በየዓመቱ ይመጣል። አንድ ሆቴል ወይም አንድ ትምህርት ቤት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሦስቱን ቀን ደንብ ቢሞክረው፣ የቀሩ ቀናትን፣ ለተተኪ የወጣውን ገንዘብና ለሁለተኛ ጊዜ የታመሙትን ሰዎች በአንድ ደብተር ቢመዘግብ፣ ጥር ላይ ከአምናው ፔሮል ጋር ማስተያየት ነው።